የንብ ዝምድና

"ለምን ሞትክ?" አለ የመንደሩ ሽማግሌ፣ ጠጅ የሞላውን ቀንድ በሁለት እጁ ይዞ። "ምን ጎደለህ? ዳቦ አጣህ? ጠጅ አጣህ? ሚስትህ መልካም፣ ፈረስህ ሰጋር፣ ጎተራህ ሙሉ። ምን አጥተህ ነው ጥለኸን የሄድከው?"

ዮማንታስ አልመለሰም። ነጭ የተልባ እግር ልብስ ለብሶ፣ ሰይፉን ታጥቆ፣ እንደ ደጋሽ በገዛ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ራሱ እንዳያዘነብል ሴቶቹ በጥልፍ መቀነት ከወንበሩ መደገፊያ ጋር አስረውታል። ከስሩ፣ በውርጭ ወራት ከወንዙ ተቆርጦ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረ በረዶ በገበቴ ተደርድሯል። የማር መቁረጫ ወር ነውና ውጭው ይሞቃል፤ አዳራሹ ውስጥ ግን ሴቶቹ ካባ ደርበው ነው የሚያለቅሱት። ሽማግሌው ከቀንዱ ጥቂት ለምድር አፈሰሰ፣ የቀረውን ጨለጠ፣ ጢሙን ጠረገና ለባለተራ ለቀቀ። ዘመድ ሁሉ በየተራው ጠይቆ ሳይጨርስ ሬሳው የሚቃጠልበት እሳት አይለኮስም።

ሚስቱ ዳንሚሌ ከወንበሩ በስተግራ ተቀምጣለች። ጥያቄውን ደጋግማ ስለሰማችው ጆሮዋ ለምዶታል። ጆሮዋን ያቆመው ቀጥሎ የመጣው የአሮጊቷ አልቃሽ የኡርቴ ሙሾ ነው፤

"ጭልፊት ከጥድ ጫፍ ላይ እንዴት ይወድቃል?
የተቆረጠ ገመድ እውነቱን ያውቃል።
እኔን ምን ጠየቃችሁ፣ ቢላውን ጠይቁ፣
ከወንዝ ማዶ አሉ በሞቱ የሳቁ።"

አዳራሹ በአንድ ድምፅ አቃሰተ። ከወንዙ ማዶ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ ታላቁ መስፍን ናርቪላስ። ጦረኞቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከወንዙ ማዶ፣ በናርቪላስ ምሽግ ውስጥ፣ አንድ ልጇ ጌድቪዴ አለች፤ ለናርቪላስ ልጅ የተዳረች፣ ስሟ ሙሽራ፣ ግብሯ የሰላም መያዣ። ሰላሙ ሲፈርስ መያዣ ምን እንደሚደረግ በዚያ አገር ያሉ እናቶች ሁሉ ያውቁታል፤ አፋቸውን ሞልተው ግን አይናገሩትም።

አልቃሾቹ ጉሮሯቸውን ሊያርሱ ሲነሱ ዳንሚሌ ኡርቴን ከምሰሶው ጀርባ ያዘቻት።

"ይህን ሙሾ ማን ሰጠሽ?"

"ሙሾ ይሰጣል እንዴ እመቤቴ? ሙሾ ይመጣል።"

"የመጣው ከወንድሜ ከጊርዴኒስ ነው አይደል?"

"ከየትም ይምጣ። እኔ ሰው የሚለውን ነው የማለቅሰው።" ኡርቴ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አንቺ 'ወደቀ' ብለሽ ዝም አልሽ። 'ወደቀ' በሚል አንድ ቃል ምን ሙሾ ይወጣል? ዱባም ይወድቃል።"

አሮጊቷ እውነቷን ነው።

ከሟቹ ጉልበት ላይ ጊርዴኒስ ያስቀመጠው ገመድ አለ። ማር ቆራጮች ዛፍ ላይ የሚወጡበት፣ ከቆዳና ከቃጫ የተገመደ ወፍራም ገመድ ነው። ጫፉ አልተተለተለም፣ አልሳሳም፤ ጥርት ብሎ ተቆርጧል። ለቅሶ ደራሹ ጠጁን ከመጠጣቱ በፊት ገመዱን ያያል፣ ጫፉን በጣቱ ይዳስሳል፣ ከዚያ ወደ ወንዙ አቅጣጫ ይመለከታል። ጊርዴኒስ የዳንሚሌ ታናሽ ወንድም፣ የምሽጉ ጦር አዛዥ ነው። ቃል ሳይናገር በአንድ ገመድ አገሩን ሁሉ ለጦርነት አስታጥቋል።

*

የዮማንታስን ነገር ከስሩ ለሚያውቅ የሕዝቡ ጥርጣሬ አያስደንቅም።

ናርቪላስና ዮማንታስ የአንድ አባት፣ የሁለት እናት ልጆች ናቸው። የአባታቸው አመድ ሳይቀዘቅዝ ተጣሉ። ታላቁ ትልቁን ምሽግና የመስፍንነቱን ወንበር ወሰደ፤ ታናሹ በየዓመቱ ካባቸው ላይ መስቀል የሰፉት፣ መስቀለኞች የሚባሉት ጀርመኖች እየመጡ የሚያቃጥሉትን ድንበር ተረከበ። "ለእሱ መሶቡ፣ ለእኔ ፍርፋሪው" ይል ነበር ዮማንታስ። ሲል የሰማ ሰው ሄዶ ተናገረበት። ናርቪላስ ታናሽ ወንድሙን ለግብዣ ጠራው። በሬ ካራጁ ይውላል እንዲሉ ዮማንታስ ፈረሱን ጭኖ፣ ምርጥ ካባውን ለብሶ ሄደ፤ ከማዕዱ ተነስቶ የገባው ግንብ እስር ቤት ነው። እዚያ ከረመ። ሽማግሌዎች ለምነው ሲያስፈቱት ጸጉሩ ሸብቷል፤ ከዚያ በኋላ ጀርባውን ለበር ሰጥቶ ተቀምጦ አያውቅም።

ከእስር ወጥቶም ቤቱ አላደረም። በቀጥታ ወደ መስቀለኞቹ ሸሸ። ውሃ አፍስሰው አጠመቁት፣ ስም ቀየሩለት፣ ጦር ሰጡት።

"ሦስት ጊዜ ነው ያጠመቁኝ" እያለ ለዳንሚሌ ይቀልድ ነበር። "በየምሽጋቸው ስደርስ ያልተጠመቅሁ እመስላለሁ። አዲስ ነጭ ሸሚዝ ስለሚሰጡ እኔም ዝም። ሦስተኛው ሸሚዝ ብብቴ ላይ ጠበበኝ፤ ይሄኔ ነው ወደ ቤቴ ልመለስ ያልኩት።"

እንግዳው ሁሉ በዚህ ይስቃል። ያልቀለደበት አንድ ነገር ብቻ ነበር። በዚያው የውርጭ ወራት የጀርመኖቹን ጦር በረዶ በሆነው ወንዝ ላይ መርቶ አሻግሮ የወንድሙን መንደሮች አቃጥሏል። ከተመለሰ በኋላ አደን ሲወጣ በነዚያ መንደሮች አያልፍም፤ ፈረሱ እስኪደክም ድረስ ዞሮ ይሄዳል። ዳንሚሌ ለምን እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም፤ እሱም አልነገራት። እንዲህ ዓይነቱ ዝምታ በትዳራቸው ውስጥ ብዙ ነበር፤ አንዳንዱ ከንግግሩ ይሻል ነበር።

በመጨረሻ ሁለቱም ደከሙ። ሰላም ወረደ፣ ጌድቪዴም ለሰላሙ ተዳረች። ዮማንታስ የልጁን ጋሪ ጠርዝ ይዞ እስከ ወንዙ መሻገሪያ በእግሩ ሄደ። ሰርጉ ላይ ወንድማማቾቹ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እያንዳንዱ ግን ከየራሱ በርሜል ጠጣ፣ ከየኋላቸውም መርዝ የሚፈትሽ ቀማሽ ቆሟል። ለሁለት አንበሶች የተደገሰ ሰርግ ነበር፤ እንግዳው ሁሉ ወደ በሩ እያየ በላ።

*

ከሰዓት በኋላ ጊርዴኒስ መጥቶ ከእህቱ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ዳንሚሌ ለሟች የሚሰናዳውን ከረጢት ትሰፋ ነበር፤ እሳቱ ውስጥ የሚጣል የድብና የዱር ድመት ጥፍር አለበት። የሙታን ኮረብታ ቀጥ ያለ ነውና ነፍስ ቆንጥጣ የምትወጣበት ጥፍር ያስፈልጋታል። ዳንሚሌ አንዱን ጥፍር በእጇ ይዛ አገላብጣ አየችው። ባሏ መውጣት ይችላል፤ አንድም ቀን መውጣት አቅቶት አያውቅም።

"ናርቪላስ መልእክት ልኳል" አለ ጊርዴኒስ። "ነገ ይመጣል። ሰይፍ በር ላይ አስቀምጦ፣ ከጥቂት ሰው ጋር።"

"የታላቅ ወንድም ወግ ነው። ይምጣ።"

"ይምጣ እንጂ። መምጣቱንማ ይምጣ።" ጎንበስ አለ። "ጥያቄውን ይጠይቅ። ቀንዱንም ያንሳ። ከዚያ እኔ እመልስለታለሁ። ከበሩ አይወጣም እታለም።"

መርፌው ከእጇ ወደቀ። "ጌድቪዴስ?"

"እሱ ሲሞት ማዶ ያሉት ጭንቅላት የሌለው እባብ ይሆናሉ። በማግስቱ ተሻግሬ አወጣታለሁ።"

"በማግስቱ! ልጄን በማግስቱ ሬሳዋን ነው የምታወጣው። ምን ነካህ አንተ?"

"የባልሽን ደም ውሃ ይውሰደው ነው የምትይው?"

"የማን ደም? ወድቆ ነው አልኩህ!"

"ገመዱን አየሁት እኮ። ቢላ ነው የቆረጠው። አይጥ አይደለም፣ እርጅና አይደለም፣ ቢላ ነው። ውሸቴ ነው?"

ዳንሚሌ መርፌዋን ከወለሉ ላይ አነሳች። ውሸቱ አይደለም። ገመዱን የቆረጠው ቢላ ነው።

"ይኸው" አለ ጊርዴኒስ እየተነሳ። "ፈርተሽ ነው፤ አልፈርድብሽም። እናት ነሽ። እኛ ግን ወንዶች ነን።"

እንዲህ ብሎ ወደ ጦረኞቹ ሄደ። ክፉ ሰው አይደለም ጊርዴኒስ። እህቱን ይወዳል፣ አማቹንም ይወድ ነበር። ችግሩ፣ በሰላሙ ዘመን ለጦር አዛዡ የተሰጠው ሥራ ጎተራ መጠበቅ ነበረ።

*

ነገሩ የተጀመረው በጸደይ ነው፤ በንብ።

ከናርቪላስ ደን የኮበለለ አንድ መንጋ ንብ ወንዙን ተሻግሮ ከዮማንታስ ምሽግ አጠገብ ባለ አሮጌ ጥድ ፍልፍል ውስጥ ገባ። ከኋላው የናርቪላስ ንብ ጠባቂ በታንኳ ተሻግሮ፣ ወደ ሰማይ እያንጋጠጠ፣ ቁጥቋጦ እየጣለው እየተነሳ ደረሰ። በዚያ አገር የንብን ባለቤት ድንበር አያግደውም። ንቦቹ ጥዱ ውስጥ መግባታቸውን አይቶ ባርኔጣውን አወለቀና፣ "እንግዲህ ጌቶቻችን የንብ ዘመድ ሆኑ" አለ።

የንብ ዘመድ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። የአንዱ ንብ ሌላው ዛፍ ከገባ ሁለቱ ሰዎች ማሩን እኩል ይካፈላሉ፣ አይካሰሱም፣ አይዋሹም፣ ደም አይፋሰሱም። የሥጋ ወንድም ወንድሙን ይገድላል፤ ይህ ሲደረግ ታይቷል። የንብ ዘመዱን የገደለ ግን ንብ ከአገሩ ነቅሎ ይሄድበታል ይባላል፣ ከዚያ ማን አብሮት ይኖራል? ማሩን ደግሞ ባለዛፉ በገዛ እጁ ነው የሚቆርጠው። አሽከር ከቆረጠው የአሽከሩ ዝምድና ይሆናል።

ዮማንታስ ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ሽማግሌ ያቃተውን፣ መሐላ ያቃተውን፣ ልጄን እንኳ ሰጥቼ ያቃተኝን ዝንብ የምታህል ነገር ትሥራው?" አለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከናርቪላስ መልእክት መጣ፤ "ግማሹ የእኔ ነው። ብቻህን እንዳትበላው፣ ሆዳም ነህ።" ዮማንታስ መልእክተኛውን ደግመህ በል አለው። ሰውየው ደገመ። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ከወንድሙ የመጣ፣ ማስፈራሪያ የሌለበት የመጀመሪያ ቃል ነበር። በጋውን ሙሉ ዮማንታስ ጥዱ ስር እየሄደ ጆሮውን ግንዱ ላይ ይለጥፍ ነበር።

ማሩ ሲደርስ ሚስቱን ብቻ ይዞ ሄደ። መስፍን ዛፍ ላይ ሲንጠላጠል ሰው እንዲያየው አልፈለገም።

"አሁን አንተ ጎረምሳ ነህ ወይስ ሽማግሌ?" አለችው ዳንሚሌ። "ሰው ላክ። ማን ያውቃል ማን እንደቆረጠው?"

"ንቦቹ ያውቃሉ" አለ እየሳቀ፣ ገመዱን በግንዱና በወገቡ እያዞረ።

እየተሳበ ወጣ። ንቦቹን በጭስ አራቀ፣ ፍልፍሉን በቢላው ከፈተ፣ ሰፈፉን እየቆረጠ በባልዲ አወረደላት። ነጭ፣ ወፍራም፣ የሚንጠባጠብ ማር ነው። ልጅ ሆኖ አላየችውም እንጂ ልጅ ሆኖ ሳለ ይህን ይመስል ነበር ብላ አሰበች። አንድ ንብ ጆሮው ላይ ነደፈችው። "ይቺ የናርቪላስ ናት!" ብሎ ጮኸ፤ ቁልቁል እሷን እያየ፣ እየሳቀ፣ እጁ ሳያቋርጥ ይቆርጣል። ቢላው ሰፈፉን አልፎ ሄደ፤ ከጎኑ በክብደቱ የተወጠረው ገመድ በአንድ ስንዘራ ተለየ።

ገመዱን አየ። ከዚያ እሷን አየ። ጠጅ የደፋ ሰው ፊት ነበረው።

"ኧረ ጉድ!" አለ ዮማንታስ።

ሌላ ቃል የለም። ግንብ ያልገደለው፣ የጀርመን ጦር ያልገደለው፣ ወንድሙ ያልገደለው ሰው የመጨረሻ ቃሉ ይኸው ነው።

ዳንሚሌ ይህን ለማን ትንገር? ባሏ በማር ቢላ የገዛ ገመዱን ቆርጦ ሞተ ብላ? ጠላት በየጠጅ ቤቱ እንዲስቅበት? ሰዎች ሮጠው ሲደርሱ "ወደቀ" አለች፤ ባልዲውን በሻሿ ሸፍና ወደ ቤት ወሰደች። ክብሩን ያዳነች መስሏት ነበር። ማግስቱን ጊርዴኒስ ገመዱን አገኘው፤ ከዚያ ወዲያ እውነቱ ራሱ የፈሪ ሚስት ተረት መምሰል ጀመረ።

*

ናርቪላስ በመልእክቱ እንዳለው በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣ። ዳንሚሌ ከሰርጉ ወዲህ አላየችውም፤ አርጅቷል። ትከሻው ያው ነው፤ አንገቱ ግን ቀጥኖ ካባው ውስጥ ጠፍቷል። ሰይፉን በር ላይ አስቀመጠ። ከኋላው ጥቂት ጦረኞችና በሰርጉ ላይ ከኋላው የቆመው ከሲታ ቀማሹ ተከተሉት። ጌድቪዴ የለችም። ዳንሚሌ በሩን እስኪዘጉት ድረስ አየች፤ የለችም።

ጊርዴኒስ ሰዎቹን በምሰሶዎቹ አጠገብ አቁሟቸዋል። እጃቸው ካባቸው ውስጥ ነው። ልጅ ያዘሉ ሴቶች ቀስ እያሉ ወደ ግድግዳው ተጠጉ።

ጠጅ ቀረበ። ናርቪላስ ከመያዙ በፊት ከሲታው ሰው እጁን ዘርግቶ ቀንዱን ተቀበለ፣ ተጎነጨ፣ ቆየ፣ አሳለፈ።

"በለቅሶ ቤት!" አለ አንድ ሰው ከኋላ። "በሬሳ ፊት ያስቀምሳል! እፍረት የለም?"

ናርቪላስ እንዳልሰማ ሆነ። ወንድሙ ፊት ቆሞ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

"ለምን ሞትክ?" አለ። ድምፁ ሻካራ ነበር። "ምን ጎደለህ? ግማሹን አገር ሰጠሁህ..."

"ሰጠሁህ ይላል እንዴ!" አጉረመረሙ።

"እሺ፤ ወሰድክ። ቀምተህ ወሰድክ፣ ያንተ ሆነ። ልጅህን ለልጄ ዳርክ። ማር ልትልክልኝ ነበር። እየጠበቅሁ ነበር እኮ። ለምን ሞትክ?"

ጊርዴኒስ ገመዱን ከሟቹ ጉልበት ላይ አነሳ። "እኔ ልመልስልህ፣ ታላቁ መስፍን።"

"ተቀመጥ" አለች ዳንሚሌ።

"እታለም..."

"ተቀመጥ አልኩህ! አንተን የጠየቀህ የለም። የተጠየቀው ባለቤቱ ነው።"

ተነስታ ከወንበሩ ጀርባ ቆመች፣ ሁለት እጇን በባሏ ትከሻ ላይ አኖረች። ጨርቁ ቀዝቅዟል። ከአባቶች ዘመን ጀምሮ ሟች ይጠየቃል እንጂ መልስ ሰጥቶ አያውቅም። ኡርቴ አፏን በሻሿ ያዘች።

"ምንም አልጎደለኝም" አለች ዳንሚሌ በዮማንታስ ቦታ። "ዳቦ ነበረኝ፣ ጠጅ ነበረኝ። ወንድም ጎድሎኝ ነበር፤ ንብ አመጣችልኝ። ማሩን በገዛ እጄ ልቆርጥለት ጥዱ ላይ ወጣሁ። ሚስቴ ሰው ላክ አለችኝ፤ አልሰማኋትም። መቼ ሰምቻት አውቃለሁ?"

ከሴቶቹ በኩል አንዷ ሳታስበው ሳቀችና ደነገጠች።

"ንብ ነደፈችኝ። ይቺ የናርቪላስ ናት ብዬ ሳቅሁ። ሚስቴን እያየሁ፣ እየሳቅሁ፣ በማር ቢላዬ የገዛ ገመዴን ቆረጥሁት። 'ኧረ ጉድ' አልኩ። እንዲህ ነው የሞትኩት። ማንም አልገደለኝም።" እዚህ ላይ ድምጿ የራሷ ሆነ። "አፍሬ ነው የደበቅሁት። እንዳይስቁበት ብዬ ነው። አሁን ሳቁ፣ ምን ገዶኝ!"

ማንም አልሳቀም።

"ፈርተሽ ነው" አለ ጊርዴኒስ በዝግታ። "ለልጅሽ ፈርተሽ ነው ይህን ያልሽው።"

"አዎ ፈርቻለሁ። ልጄ ማዶ ናት፣ እንዴት አልፈራ? መፍራቴ ግን ውሸታም አያደርገኝም።"

ናርቪላስ እጁን ዘረጋ። "ገመዱን አምጣ።"

ጊርዴኒስ አመነታና ሰጠው። ናርቪላስ ጫፉን አገላብጦ አየው፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የወንድሙን ግራ እጅ ከጉልበቱ ላይ አነሳ። አውራ ጣቱ ጫፍ የለውም።

"ይህን ጣት ማን እንደቆረጠው ታውቃላችሁ?" አለ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። "ራሱ ነው። የእንጨት ፈረስ ሲጠርብ። ወደ ሌላ እያየ ነው የሚቆርጠው፤ ከልጅነቱ እንዲሁ ነው። ደም ሲያይ ሮጦ ለአባታችን 'ናርቪላስ ቆረጠኝ' አለው። አባታችን አላጣራም፤ ገረፈኝ።"

"እውነት ነው" አለች ኡርቴ ሳይጠይቋት። "ጣቱን ያሰርኩለት እኔ ነኝ፤ አባታቸው ቤት ሳገለግል። አመዱን ነስንሼ ሳስርለት በጆሮዬ ምን አለኝ መሰላችሁ? 'እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ እንዳትናገሪ' አለኝ። አልተናገርኩም። ይኸው እስከዛሬ።" ማልቀስ ጀመረች፤ ይህ ልቅሶ ዜማ አልነበረውም።

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የጊርዴኒስ ሰዎች ግን እጃቸውን አላወጡም። ዓይናቸው አዛዣቸው ላይ ነው፤ አዛዣቸውም በሰፊ ሕዝብ ፊት የተናገረውን ለመዋጥ ጊዜ ይፈልጋል። ዳንሚሌ ጊዜ እንደሌላት ታውቃለች። ወደ ጓዳ ገብታ ባልዲውን ይዛ ወጣች። ሻሹን ስታነሳ የማሩ ሽታ አዳራሹን ሞላው። ትልቁን ሰፈፍ በእጇ ገምሳ ለናርቪላስ አቀረበችለት።

"የንብ ዘመድ ድርሻዎ ነው፣ ጌታዬ። በገዛ እጁ የቆረጠው ነው።"

"ዘመዱ ሞቷል!" አለ ጊርዴኒስ። "ዝምድናውም አብሮ ሞቷል።"

"እሳቱ ሳይለኮስ?" አለች ዞራ። "በወንበሩ ተቀምጦ፣ እንግዳ እየተቀበለ፣ ሞቷል ትለኛለህ? ይህ ቤት እስከ ነገ የእሱ ነው። የእሱን ማር የበላ የቤቱ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ እጅህን የምታነሳው በዮማንታስ ላይ ነው።"

ከሲታው ቀማሽ እንደ ልማዱ ወደፊት ራመድ ብሎ እጁን ዘረጋ። ዳንሚሌ ማሩን ሳበች።

"ሦስተኛ ሰው አይቀምሰውም። ባለድርሻው ብቻ ነው።"

ናርቪላስ አያት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ይህ ሰው ደግሞ እባብ ያየ ብቻ ሳይሆን ራሱም እባብ ሆኖ የኖረ ነው። ወንድሙን ከማዕድ አስነስቶ ያሰረ እሱ ነው፤ በማዕድ ምን ሊደረግ እንደሚችል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከፊቱ የቆመችው የወንድሙ ሚስት ናት፣ በምሰሶዎቹ ስር ቢላ የጨበጡ ሰዎች አሉ፣ በእጇ ያለው ማንም ያልቀመሰው ነገር ነው። የማሩ ጠብታ በክንዷ ላይ ወርዶ እጅጌዋ ውስጥ ገባ። ዳንሚሌ አልተንቀሳቀሰችም። አልለመነችውም። ልመና የውሸታም እንደሚመስል ታውቃለች።

ናርቪላስ ሰፈፉን ተቀበላት። ወደ አፉ ወሰደና እንደ ተራበ ሰው ገመጠው። ሰሙን ከማሩ ጋር አኘከ፤ ማሩ በነጭ ጢሙ ላይ ወረደ። አዳራሹ በሙሉ መንጋጋውን ሲያኝክ ተመለከተ። ዋጠ፤ ደግሞ ገመጠ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ እያለ በላ፣ ሳይጠርገው።

ጊርዴኒስ እህቱን አየ፣ ሟቹን አየ። ከዚያ ከካባው ውስጥ እጁን አወጣ፤ ባዶ እጁን። ከግድግዳው ስር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ሰዎቹ አንድ በአንድ እጃቸውን አወጡ። አንዱ፣ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠፍቶት፣ ጠጅ ቀዳ።

"ሂድ" አለ ናርቪላስ ለቀማሹ፣ ሰሙን ከአፉ እያወጣ። "ልጅቷን አሻግራት።"

"ጌታዬ፣ እርስዎ ሳይመለሱ እንዳትንቀሳቀስ ብለው..."

"አሻግራት አልኩህ። አባቷን ትጠይቀው እንጂ፤ የእሷ ተራ ገና ነው።"

ዳንሚሌ ይህን ስትሰማ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። ቀማሹ ሲወጣ በሩን ክፍት ተወው፤ የውጭው ሙቀትና ብርሃን ገባ።

ናርቪላስ ከቀረው ሰፈፍ በጣቱ ጥቂት ማር ጠንቁሎ የወንድሙን ከንፈር ቀባ። "ግማሹ ያንተ ነው" አለ። "ሆዳም።"

በተከፈተው በር ዝንብ ገባ። ማሩን አሽትቶ የዮማንታስ ከንፈር ላይ አረፈ፤ ሌላም ተከተለው። ናርቪላስ በእጁ እሽ እሽ ብሎ አባረራቸው። ተመለሱ፤ ደግሞ አባረራቸው። ማንም በፊቱ ተቀምጦ የማያውቀው ታላቁ መስፍን፣ በበረዶው ገበቴ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ዳንሚሌ ዝንብ ማባረሪያ እንዲሆነው ቅጠል ያለው የበርች ዛፍ ቅርንጫፍ አምጥታ አቀረበችለት።

"ተይው" አላት ሳያያት።

ለቅሶ ደራሹ በየተራው መጥቶ ጠየቀ፣ ጠጣ፣ አለፈ። ናርቪላስ ለማንም አልተነሳም። ከሰዓቱን ሙሉ በባዶ እጁ ከወንድሙ ፊት ዝንብ ሲከላከል ዋለ፤ አንዱ ክንዱ ሲዝል በሌላው እየተካ።